ለሴት ልጆች ትምህርት ስትሟገቱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ስለ ሴት ልጅ ትምህርትና እኩልነት መናገር የሚፈልግ ወጣት አይጠፋም። የሥርዓተ ፆታ ክበብ አለ። ሚኒ ሚዲያ አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተገናኝቶ ዕቅድ የሚያወጣ ቡድንም አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ፍላጎት ሳይሆን አካሄድ ነው።

ለየካቲት 29 ብቻ መነሳት

ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት ይታተማል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ግጥም ይነበባል። በማግስቱ ግን የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ያው እንደተሰበረ ነው። ውሃውም የለም። የወር አበባዋ የመጣባት ተማሪ ሞዴስ የምትቀይርበት ቦታ ካጣች ቤቷ መሄዷ አይቀርም፤ ያን ቀን የተማሩት ሁሉ ያመልጣታል። የቲሸርቱ ገንዘብ ለበሩ መቀርቀሪያና ለጥቂት እሽግ ሞዴስ ይበቃ ነበር። ፎቶው ላይ ላያምር ይችላል፣ እውነት ነው።

ሳይጠይቁ መናገር

ሴት ተማሪዎች ለምን እንደሚቀሩ ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። ምክንያቱ እናንተ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል። አንዷ ታናሽ ወንድሟን የሚይዝላት የለም። ሌላዋ ታክሲ ተራው ላይ በየቀኑ የሚለክፏት ልጆች አሉ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። የድሮ ትምህርት ቤቷን ያልለቀቀች ልጅ ስታረፍድ "ሰንፋለች" ከማለታችሁ በፊት ስንት ሰዓት ከቤት እንደምትወጣ ጠይቋት። ስትጠይቁ ደግሞ መምህር ፊት አይሁን። ሴት ለሴት፣ ወይም ስም በሌለው ወረቀት ይሁን።

ለማይመለከተው ሰው አቤት ማለት

የበር ጉዳይ ሚኒስትር ጋ አያስኬድም። መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት)፣ ካልሆነ ወረዳ። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በጽሑፍ፣ ቀን ተቀጥሮለት ይቅረብ። አሥር ጥያቄ ይዞ የሄደ ቡድን ሻይ ተጋብዞ ይመለሳል።

ሕጉን ሳያውቁ መከራከር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች እኩልነት ነው። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 አድርጎታል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። "ይሄ የገጠር ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?" የሚል አይጠፋም። ክረምት ላይ "ዘመድ ጠይቃ ትምጣ" ተብላ ሀገር ቤት የተላከች የክፍል ጓደኛችሁ መስከረም ላይ ካልመጣች ግን ያገባችኋል።

"ይሄ የውጭ ሐሳብ ነው" ሲባሉ ዝም ማለት

መልሱ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። የከፈቱትም እቴጌይቱ እንጂ የውጭ ድርጅት አይደለም። ትምህርት ቤቱን በኋላ የመሩት ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሴት ናቸው። ይህን በእርጋታ ተናገሩ። ክርክር በጩኸት አይረታም።

ወንዶቹን መተው፣ ወይም ማይኩን ለወንዶቹ መስጠት

ሁለቱም ያው ነው። ወንድ አባላት ያስፈልጋሉ። በተለይ ጓደኞቻቸው መንገድ ላይ ሲላከፉ "ተው" ለማለት ከእነሱ የተሻለ የለም። መድረክ ላይ ግን ሴቶቹ ይናገሩ። ወንበር ይደርድሩ ከተባለም ወንዶቹ ይደርድሩ።

የተጎዳችን ልጅ ታሪክ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ

ፊቷን መሸፈን አይበቃም። በድምጿ፣ በሰፈሯ፣ ከኋላዋ ባለው ሱቅ ትታወቃለች። "ይለቀቅ" ብትላችሁም አትልቀቁ። የምታምነው አዋቂ ማን እንደሆነ ጠይቋት። ፖሊስ ጣቢያ ካስፈለገ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ጠይቁ፤ ብቻዋንም አትላኳት።

ቤት ውስጥ ያለችውን ልጅ መርሳት

በእኔ ዕይታ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ክበብ ውስጥ ስለ እኩልነት የሚናገረው ልጅ ቤቱ ሲገባ እራት የምታቀርብለት በዕድሜው ያለች የቤት ሠራተኛ ናት። ከገጠር የመጣችው በደላላ ወይም በዘመድ ነው። "ትማራለች" ተብሎ ነው የመጣችው፤ የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይህ ቃል እውነት ታስቦ የተገባ መሆኑ ነው።

የማታ ትምህርት ትመዘገባለች። ከዚያ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሰዓቱ ያልፋል። አንድ ቀን ትቀራለች፣ በሳምንቱ ሁለት ቀን። በፈተና ሰሞን ደግሞ በዓል ይደርስና ዶሮው አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። መጨረሻ ላይ "እሷ እኮ ትምህርት አትወድም" ይባላል። ሕጉም ብዙ አይረዳትም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ቢከለክልም፣ የግል ቤት አገልግሎትን ከአዋጁ አውጥቶ ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል።

ስለዚህ እዚህ ላይ የምትሟገቱት ከእናታችሁ ጋር ነው፤ ከሰልፍ ይከብዳል። ስለ መብት ንግግር አትጀምሩ። "እማዬ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እራቱን እኔ አቀርባለሁ፣ እሷ 11 ሰዓት ላይ ትውጣ" በሉ፤ ከዚያም በእርግጥ አቅርቡ። በሦስተኛው ቀን ከሰለቻችሁ ሁሉም ከንቱ ነው። ማታ ስትመለስ መንገዱ ጨለማ ከሆነ በየሰፈሩ ያሉት የማታ ተማሪዎች አብረው እንዲሄዱ አገናኟቸው። እስካሁን ያልተመዘገበች ከሆነ ደግሞ ከነበረችበት ትምህርት ቤት መሸኛ ያስፈልጋታል። ከሀገር ቤት ወረቀት ማስመጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ነሐሴን ሳትጠብቁ ቤተሰቦቿ ጋ ደውሉላት።