ጉንፋን ሲይዝዎ ሳይቃጠሉ እንዴት እንደሚታጠኑ

ልጆች ሳለን ጉንፋን ሲይዘን እናቴ አስቀድማ የምትልከን ባህር ዛፍ እንድንቆርጥ ነበር። ድስቱ ፈልቶ ሲወርድ ሦስታችን በአንድ ጋቢ ተሸፍነን፣ ዐይናችን እያለቀሰ፣ "ይበቃል፣ ውጡ" እስክንባል እንታጠናለን። አፍንጫችን ተከፍቶ ሌሊቱን በሰላም እንተኛለን። ዛሬም ሲያመኝ እታጠናለሁ። ያ ድስት አንድም ቀን በላያችን አለመገልበጡን ሳስብ ግን እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል። ይህን የምጽፈው ልማዱ እንዲቀር አይደለም፤ በደህና እንዲደረግ ነው።

በመጀመሪያ ከሙቀት ምን እንደሚጠብቁ ይወቁ። ዋነኛው የጉንፋን አምጪ ራይኖቫይረስ ከሁሉ ይበልጥ የሚራባው ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው፤ አፍንጫችን ከቀረው ሰውነታችን ቀዝቀዝ ስለሚል ይመቸዋል። "ታዲያ አፍንጫን ብናሞቀውስ?" የሚለውን ሐሳብ ሳይንቲስቶችም ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ 43 ዲግሪ የሞቀ እርጥብ አየር በመሣሪያ የሳቡ ሕመምተኞች ቀለል ብሏቸው ነበር። በኋላ በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ያንን ውጤት አላገኙም። እንፋሎት ወፍራሙን ንፍጥ ያቀጥናል፣ የደረቀውን ጉሮሮ ያረጥባል፣ ያሳርፋል። ቫይረሱን አይገድልም። ቫይረሱ የተቀመጠው በራሳችን ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ እሱን የሚገድል ሙቀት አስቀድሞ የሚያቃጥለው እኛን ነው። መጋቢት 2012 ኮቪድ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ስንቱ ሰው በእንፋሎት ብቻ ተማምኖ እንደነበር አንረሳውም።

ከመታጠንዎ በፊት ትኩሳትዎን ይለኩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉት። በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ "በላብ ይውጣልኝ" ማለት ትኩሳቱን ይጨምራል፣ የሰውነትን ውሃም ያሟጥጣል። አስም ያለበት ሰው ጠንካራ ሽታ ትንፋሹን ሊያጠብበት ስለሚችል ቅጠሉ ይቅርበት። ሕፃናትንና ትንንሽ ልጆችን ከፈላ ውሃ ፊት ፈጽሞ አያስቀምጡ። የታፈነ የሕፃን አፍንጫ ከፋርማሲ በሚገዛ የጨው ውሃ ጠብታ ይከፈታል።

አሁን ውሃውን ይጣዱ። አንድ ሊትር ያህል ይበቃል። ነጭ ባህር ዛፍ ካገኙ አንድ እፍኝ ቅጠል አጥበው ይጨምሩ፤ ዳማከሴ የሚመርጥም አለ። ምንም ባይኖር ባዶው ውሃ ሥራውን ይሠራል፤ ቅጠሉ የሚጨምረው አፍንጫ የተከፈተ የሚያስመስለውን ያን ቀዝቃዛ ስሜት ነው። የባህር ዛፍ ዘይት ግን ቢዋጥ መርዝ ስለሆነ ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩት።

ውሃው ሲፈላ ከእሳት ያውርዱትና አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን አያዘናጋዎ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ እንኳ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ውሃውን ሰፊና ከባድ በሆነ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። በጭንዎ ላይ፣ በአልጋ ላይ ወይም ልጆች በሚሯሯጡበት ወለል ላይ በፍጹም አይሁን።

በከሰል ከሆነ ያፈሉት ማንደጃውን ውጭ ይተዉት። "ክፍሉም ይሙቅልኝ" ብሎ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መታጠን ሰው ይገድላል። የከሰሉ መርዝ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም፤ ራስ ምታቱና ድካሙም ከጉንፋኑ የመጣ ይመስላል።

ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከሳህኑ ሁለት ስንዝር ያህል ይራቁ፣ ራስዎን በፎጣ ይሸፍኑ። ዐይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ። ፊትዎን ከለበለበዎ ቀና ይበሉ፤ መቻል ጀግንነት አይደለም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሲጨርሱ ይናፈጡ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ውሃውን ወዲያው ይድፉ።

ሙቀት ከውስጥም ይገባል። እኔ ከመታጠኑ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው፦ የዝንጅብል ወይም የጦስኝ ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለጉሮሮ ደግሞ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ። ማር ሳልን ያስታግሳል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም።

ለመከላከልስ? በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት 25 ሰዎች ለስድስት ወር በየጊዜው ሳውና (ለማላብ የሚገባበት በጣም የሞቀ ዝግ ክፍል) ሲገቡ ሌሎች 25 ሰዎች አልገቡም፤ የገቡትን ጉንፋን የያዛቸው ያነሰ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነውና ብዙ አልመካበትም። ከታመሙ በኋላ ደግሞ ሌሎች ወዳሉበት ዝግ ክፍል መግባት በሽታውን ማካፈል ነው። ከሙቀቱ ሁሉ የሚበልጠው ንጹሕ አየር ነው፤ ታክሲ ውስጥ "ብርድ ይመታኛል" ብለን የምንዘጋው መስኮት የአንዱን ሳል ለሁላችን ያዳርሳል።

ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካዩ ሳህኑን ትተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ልጅ ሲያስል ደግሞ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፦ ሁለት ወር ላልሞላው 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።