ውሃ ያልተቀጠለለት ፍሪጅ

ፍሪጁ ቤታችን የገባ ሰሞን ሌሊት ሌሊት አንድ ድምፅ እንሰማ ነበር። «ዝዝዝዝ...» ይላል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ዝም። ትንሽ እንቅልፍ ሲወስደን እንደገና «ዝዝዝዝ...»። ባለቤቴ «አይጥ ናት፤ ካርቶኑን እየበላች ነው» አለ። ወጥመድ ገዛ። ሦስት ሌሊት ዳቦ ቁራጭ እያደረገ አጠመደ። ዳቦው ሻገተ እንጂ የተያዘ ነገር የለም። በአራተኛው ሌሊት እኔ ባትሪ ይዤ ተነሳሁና ፍሪጁ ጀርባ ጆሮዬን ደገንኩ። አይጧ ተገኘች። ፍሪጁ ራሱ ነበር።

ሁለት በር ያለው፣ በሩ ላይ ውሃና በረዶ የሚቀዳበት ትልቅ ፍሪጅ ነው። እዚሁ ጅማ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አዲስ አበባ ከሚመለሱ ሰዎች ነው የገዛነው። እኔ ቤት ውስጥ እርጎና ቅቤ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ፤ ስፋቱን ፈልጌ ነው እንጂ በረዶው ትዝም አላለኝ። ቤታችን ፈረንጅ አራዳ ነው፣ አሮጌ ቤት። ማድቤቱ ጓሮ ስለሆነ ፍሪጁ ሳሎን ጥግ ቆመ። ሳሎን ደግሞ የውሃ መስመር የለም። ስለዚህ ውሃ ሳንቀጥል ሰካነውና ሥራ ጀመረ።

እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ በከተማችን እየበዛ ነው መሰለኝ፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ውሃው ካልተቀጠለ አይበላሽም ወይ?»

አይበላሽም። ፍሪጁ የሚያቀዘቅዘው በኮምፕረሰሩና በጋዙ ነው። ለማቀዝቀዝ አንድ ጠብታ ውሃ አይፈልግም። በረዶ መሥሪያው ፍሪዘሩ ውስጥ የተጨመረ ሌላ ዕቃ ነው፤ ባይሠራም ሥጋውም ቅቤውም እንደ ልማዱ ይቀዘቅዛል። ፍሪዘሩን ከዜሮ በታች 18፣ ታችኛውን ክፍል 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ መኖር ነው።

ግን አንድ ነገር አለ፣ እኛን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣን። ውሃ አለመቀጠል አንድ ነገር ነው፣ በረዶ መሥሪያውን ማጥፋት ሌላ።

በረዶ መሥሪያው ውሃ እንደሌለው አያውቅም። ውስጡ ትንሽ ገበቴ የመሰለች ዕቃ አለች። ገበቴዋ በደንብ ስትቀዘቅዝ፣ በብዙዎቹ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ፣ ማሽኑ «ውሃው በረዶ ሆኗል» ይላል። ሞተሩ ይዞርና ይገለብጣል። ከዚያ ጀርባ ላይ ላለው የውሃ ቫልቭ ኤሌክትሪክ ይልክና ክፈት ይለዋል። ቫልቩ ይከፍታል፤ የሚመጣ ነገር የለም። ያ «ዝዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ይኼ ነው። ባዶዋ ገበቴ መልሳ ትቀዘቅዛለች፣ ማሽኑም እንደገና ይሞክራል። ቀን ከሌሊት። ቫልቩ ውሃ እያለፈበት እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ በደረቁ እንዲህ ሲለፋ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከፍሪጁ ጋር የሚመጡት መመሪያዎችም ውሃ ካልቀጠላችሁ አጥፉት ነው የሚሉት። መመሪያውን ማን ያነባል፣ እኛም አላነበብንም።

ማጥፋቱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ ፍሪዘሩን ከፍታችሁ በረዶ መሥሪያውን ፈልጉ። ከጎኑ እንደ ባልዲ እጀታ የታጠፈ ሽቦ ካለው፣ ሽቦውን ወደ ላይ አንስታችሁ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ግፉት። ወደ ታች ከወረደ እየሠራ ነው፣ ወደ ላይ ከተነሳ ጠፍቷል። ምክንያቱ ደስ ይላል። ሳጥኑ በበረዶ ሲሞላ በረዶው ሽቦውን ወደ ላይ ደግፎ ይይዘዋል፣ ማሽኑም «ሞልቷል» ብሎ ያቆማል። እናንተ ሽቦውን ስታነሱ ሞልቷል ብላችሁ መዋሸታችሁ ነው።

ሽቦ ከሌለው ጎኑ ወይም ፊቱ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይኖረዋል፤ አንዱ ወገን ክብ፣ አንዱ ወገን ቀጥ ያለ መስመር። ክቡ ማጥፊያ ነው።

የኛ ግን ከሁለቱም አይደለም፣ በሩ ላይ በሚነካ ሰሌዳ ነው የሚሠራው። «አይስ ኦፍ»፣ በረዶ ማጥፊያ፣ የሚል ቁልፍ አለው። 3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ መብራቷ ስትበራ ነው የሚጠፋው። እኔ አጥፍቼ በደስታ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ መብራቷን አይቶ «ይኼ በርቶ ነው ያደረው?» ብሎ መልሶ ነካው። ማታ አይጧ ተመለሰች። አሁን መብራቷ አጠገብ ፕላስተር ለጥፌ «አትንኩ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

እንዲህ አጥፍተን ሰላም ሆነን ሳለ አንድ ሠራተኛ ሌላ ነገር ሊጠግን ቤታችን መጣ። ፍሪጁን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይኼ ካልተቀጠለ ይቃጠላል፤ እኔ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አለ። እንግዲህ የማያውቁት ነገር ያስፈራል። ጓሮ ካለው ሮቶ ቀጭን ቱቦ ስቦ፣ በመስኮቱ ጥግ ግድግዳ በስቶ፣ ቀጠለው። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ቤተሰቡ በሙሉ ቆሞ አየ። እንደ ጥፍር ቁራጭ የሳሳ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነሳ እግሬ ሳሎን ውስጥ ውሃ ረገጠ። ፍሪጁ አጠገብ ያስቀመጥኩት የጤፍ ማዳበሪያ ከሥር እስከ ስንዝር ድረስ ጠጥቶ ነበር። ያንን ጤፍ ለማድረቅ ሁለት ቀን ፀሐይ ፈለግን፤ በሐምሌ፣ ጅማ!

ለምን እንደፈሰሰ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚህ ቫልቮች ቢያንስ 1.4 ባር ግፊት ያለው ውሃ ይፈልጋሉ። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው። የኛ ሮቶ ቆሞ ያለው ከፍሪጁ 4 ሜትር ቢበልጥ ነው። 0.4 ባር ማለት ነው። 1.4 ለማግኘት ሮቶው 14 ሜትር፣ የአራት ፎቅ ጣሪያ ላይ መውጣት አለበት። ግፊቱ ሲያንስ ገበቴዋ አትሞላም፤ ይባስ ብሎ ቫልቩ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት ስለሆነ ሲዘጋም ያንጠባጥባል። የከተማው መስመር በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ፓምፕ ሳይኖራችሁ ከሮቶ ልቀጥል ካላችሁ፣ የኔን ጤፍ አስቡ።

እንደኔ ተቀጥሎባችሁ መንቀል ከፈለጋችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በረዶ መሥሪያውን አጥፉ። ቱቦው ከዋናው መስመር የሚነሳበትን መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ ብርጭቆ ይዛችሁ በሩ ላይ ያለውን የውሃ መቅጃ ተጫኑት፣ ፍሰቱ እስኪያቆም። ቱቦው ውስጥ የተጨናነቀው ውሃ በዚህ ይወጣል፤ ካልሆነ ስትፈቱት ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። አሁን ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ። ከግድግዳው ስባችሁ አውጡት፤ ሥሩ ያረጀ ምንጣፍ ብታደርጉ ወለሉን አይቧጥጥም። ከጀርባ በታች በኩል ቱቦው የሚገባበት ነት አለ። ከሥሩ ፎጣና ጎድጓዳ ሳህን አድርጉና በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። ትንሽ ውሃ ይወርዳል፣ አትደንግጡ።

የተፈታው ቀዳዳ ክፍት አይተው። አዲስ ፍሪጅ ሲመጣ እዚያ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለው፤ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። ክዳኑ ካለ መልሱት። ከሌለ ንጹሕ ፌስታል አጥፋችሁ በላስቲክ እሰሩት። በረሮ ጠባብና ሞቅ ያለ ቦታ ትወዳለች፤ የፍሪጅ ጀርባ ለሷ ቪላ ነው።

ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ። በብዙዎቹ ከአትክልት መሳቢያው ጀርባ የተጠቀለለ ቱቦ ወይም ትንሽ ታንከር አለ፣ ሁሉም አይወጣም። ጉዳት የለውም፤ ወደፊት ብትቀጥሉት መጀመሪያ የሚመጣውን ጥቂት ሊትር ድፉት፣ አትጠጡት። የውሃ ማጣሪያውን ግን እኔ አውጥቼ ጣልኩት። እርጥብ ሆኖ ወራት የቆየ ማጣሪያ ይሸታል። «ማጣሪያ ቀይሩ» የምትለዋ ቀይ መብራት እስካሁን እንደበራች ነው። ለማን እንደምታበራ እንጃ።

ቀጥሎ የበሩ መቅጃ። የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ብርጭቆ ይዞ እሱን መግፋት ነው ሥራው። በረዶ የሚወርድበትን ሲገፋ ውስጥ ያለው መግፊያ ሞተር በባዶ ይዞራል፣ የበረዶው መውረጃ ክዳንም ይከፈታል። ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ከቀረ እርጥብ አየር ወደ ፍሪዘሩ ይገባና ውርጭ ይሠራል። ክረምት ላይ የጅማ አየር ራሱ ውሃ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ነጭ ጺም ሲያበቅል አይቻለሁ። መፍትሔው ሰሌዳው ላይ ያለው የቁልፍ ምልክት ነው። 3 ሰከንድ ተጭኖ መቆለፍ፣ ከዚያ ልጁ እስኪደክመው ቢገፋ ምንም አይመጣም። ክዳኑንም አንዳንዴ በእጃችሁ ነካ አድርጉና መግጠሙን እዩ።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። የበረዶው ሳጥን ባዶ ከሆነ ለምን ቦታ ይይዛል? የኛን አውጥቼ አጥቤ አስቀመጥኩት። በቦታው የበርበሬ ማሰሮና ስድስት የቅቤ ዕቃ ገባ። ሳጥኑ ሲወጣ ከኋላ የሚታየው እንደ ሹካ ያለ ብረት የሚሽከረከር ስለሆነ ዕቃ አታስጠጉበት። ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበትን ቀዳዳም አትድፈኑት። በረዶ መሥሪያውን ራሱን ለመንቀል ግን አትሞክሩ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ክፍት ይቀራል፣ የምታተርፉት ቦታም አንድ ዳቦ የማይይዝ ነው።

በረዶ ካስፈለገ በእጅ ይሠራል። የፕላስቲክ ትሪው ገበያ ላይ በርካሽ አለ። ውሃውን አፍሉት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከተንተከተከ ለመጠጥ ይበቃል። ቀዝቀዝ ሲል ትሪው ላይ ገልብጡና ክዳን አድርጉበት። ክዳን ያልነበረውን በረዶ አንዴ ለእንግዳ ጁስ ውስጥ ጨመርኩ። እንግዳው በጨዋነት «ጁሱ ቅቤ ቅቤ ይላል» አለኝ።

እኔ ከትሪው ይልቅ የምወደው ጠርሙስ ነው። የላስቲክ የውሃ ጠርሙሶችን ሦስት ጣት ያህል አጉድዬ እሞላና ፍሪዘር ውስጥ እደረድራለሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ጢም ብሎ የተሞላ ጠርሙስ ይፈነዳል። እነዚህ ጠርሙሶች እርጎ ለደንበኛ በምልክበት ጊዜ ከጎኑ ይገባሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋና ሥራቸው ይጀምራል። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። ታችኛው ክፍል ግን ከ4 ሰዓት በላይ አይታመንም፤ ያኔ ሁለት ጠርሙስ አውርጄ እርጎው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ያ ሁሉ ማሽን የማይሠራውን ሥራ ተራ የላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል።

መብራት ሲመጣ ሰሌዳውን ማየት አትርሱ። የኛ ያስታውሳል፣ «አይስ ኦፍ» እንደበራ ይመለሳል። የጎረቤቴ ግን ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል፤ እሷ ድምፁን ስትሰማ ነው የምታውቀው። ፍሪጁ ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነማ በረዶውን ተዉትና መጀመሪያ ቮልቱን እዩ። የእነሱ 115 ቮልት ነው፣ የኛ 220። መቀነሻ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከተሰካ ስለ በረዶ የምናወራው ነገር አይኖርም።

የተፈታውን ቱቦና ነት በፌስታል አድርጌ ፍሪጁ ጎን ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። አንድ ቀን ስንሸጠው፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይገዛው ይሆናል።