ከአንድ ድስት የሽንኩርት ልጣጭ አራት ቀለም

የበግ ሱፍ በተፈጥሮ ቀለም መንከር የሚጀምሩ ሰዎች «ሌላ ምን ተክል እንሞክር?» ይሉኛል። እኔ ግን ቀድማችሁ ስለ ቀለም አያያዡ፣ ማለትም አሉም ስለሚባለው ነጭ የማዕድን ጨውና ስለ ብረት፣ አስቡ እላቸዋለሁ። ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያስተሳስረውም መልኩን የሚለውጠውም እሱ ነው። ከተክል በኩል የሽንኩርት ነጋዴዎች ጠርገው የሚጥሉት ልጣጭ ይበቃል።

ለ400 ግራም የመንዝ በግ ፈትል 400 ግራም ደረቅ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ያዙ። ከፈትሉ 300 ግራሙ ነጭ፣ 100 ግራሙ ተፈጥሮው ግራጫ ይሁን። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ወዙ እስኪለቅ እጠቡት፤ ወዝ የቀረበት ክር ቀለም አይጠጣም።

አንዱን መቶ ግራም ነጭ ለብቻው አስቀምጡ። ለቀሪው 300 ግራም 36 ግራም አሉም፣ ማለትም ከክሩ ክብደት 12 በመቶ፣ በሙቅ ውሃ አሟሙና እርጥቡን ክር ክተቱበት። ቀስ እያላችሁ እስከ 80 ዲግሪ አሙቁና አንድ ሰዓት አቆዩት። እንዳይፈላ፣ እንዳይታሽም፤ ሱፍ ተኮማትሮ ይጠጥራል። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ምግብ አይሠራበት።

ልጣጩን አንድ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥልሉት። አሉም የነካውን ክር አለቅልቃችሁ ሁሉንም በአንድ ላይ ክተቱና እንደገና በ80 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይቆይ። አሉም ያልነካው ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ አሉም የያዘው ነጭ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል፤ ግራጫው ደግሞ ጠቆር ያለና ጥልቅ መልክ ይይዛል። እኔ ይህን ግራጫ ከሁሉ አስበልጣለሁ።

አራተኛው ከብረት ይመጣል። የዛጉ ምስማሮችን በአንድ እጅ ኮምጣጤና በሁለት እጅ ውሃ ከአንድ ሳምንት በላይ አስቀድማችሁ ዘፍዝፉ፤ ክዳኑን አታጥብቁ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ከዚህ ፈሳሽ አንድ ማንኪያ ጨምሩና ከወርቃማዎቹ አንዱን ክተቱ። ወዲያው ወርቁ ይጠፋና የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ይተካዋል። እጃችሁን አታቁሙ፤ ክሩን ካላገላበጣችሁት ይዥጎረጎራል። እርጥብ ክር ጠቁሮ ስለሚታይ ከምትፈልጉት ትንሽ ሲጠቁር አውጡት። ብረት አይብዛ፤ ሱፉን አድርቆ ያሰባብረዋል።

በእርድ የሚነክሩ አሉ። ቢጫው ያማልላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን አሉም ቢገባበትም ይለቃል፤ ለምንጣፍ አትድከሙበት።

የተረፈውን የልጣጭ ውሃ አትድፉት። አሉም የጠጣ ሌላ ነጭ ክር ብትከቱበት ለስላሳ ቢጫ ያወጣል።