ጀበናን በፔይንት እንሳል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ቡና እስኪፈላ ላፕቶፔ ላይ፣ ፔይንት በሚባለው የዊንዶውስ መሳያ ፕሮግራም፣ የምስለው ጀበና ነው። እጄ ለሥዕል አልተፈጠረም፤ ግን ጀበና ምንድን ነው? ክብና አራት ማዕዘን። ከቅርጾቹ ሞላላውን ምረጡ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ ጎትቱ፣ ልክክ ያለ ክብ ይወጣል። ሆዱ ነው። ከላዩ ቀጭን አራት ማዕዘን ለአንገቱ፣ የሚገናኙበትን መስመር በላጲስ ማጥፋት። ጡት ካለው ጎኑ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን።

ሰው የሚቸገረው እጀታው ላይ ነው፦ የሚጎብጠውን መስመር መርጣችሁ መጀመሪያ ከአንገት እስከ ሆድ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ከዚያ መሃሉን ይዛችሁ ወደ ውጭ ስትጎትቱት ይጎብጣል፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቀለም ስትደፉ ትንሽ ክፍተት ካለ ገጹ በሙሉ ይጠቁራል። አትደንግጡ፣ ኮንትሮልና ዜድን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዚሁ መስመር ታንኳም ይወጣል፣ አፍንጫዋን ብቻ ቀና አድርጉላት።