የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ከሜዳ ውጭ የሚወድቅባቸው ስህተቶች

ማርች ሲገባ አሜሪካ ያለ ሐበሻ ሳይቀር የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ያወራል። በዚያ ወር የሚጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ውድድር ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይጀምራል፦ ማን ተባረረ፣ ማን የት ሄደ። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። ስከታተለው የገባኝ፣ ብዙ አሰልጣኝ የሚሰናከለው በታክቲክ አይደለም። በወረቀት፣ በጥድፊያና በገዛ አፉ ነው።

ታች ያለውን ሥራ መናቅ

የአሰልጣኝነት መንገድ ኳስ በመሰብሰብና ቪዲዮ በመቁረጥ ይጀምራል። ብራድ ስቲቨንስ በፈረንጆቹ 2000 ኢላይ ሊሊ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ትቶ በትለር ዩኒቨርሲቲ በነጻ ሊሠራ ገባ። በ2007፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2010 እና በ2011 ተከታትሎ ለብሔራዊው ውድድር የዋንጫ ጨዋታ ደረሰ። በ2023 ፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲን ለፋይናል ፎር (የብሔራዊው ውድድር የመጨረሻ አራት ቡድኖች) ያበቃው ደስቲ ሜይም ኢንዲያና ሲማር የቡድኑን ዕቃ ከሚያሰናዱት ተማሪዎች አንዱ ነበር።

ሲቪ ላይ መዋሸት

ስቲቭ ማሲዬሎ በ2014 ማንሃተን ኮሌጅን ለብሔራዊው ውድድር አብቅቶ፣ ከሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ነበር። ሲጣራ ግን ዲግሪውን አልጨረሰም። ሥራው በቀናት ውስጥ በነነ። ደግነቱ ማንሃተን የቀረውን ትምህርት እንዲጨርስ አድርጎ መልሶ ተቀበለው። ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይሆንም።

በአንድ ማርች ሞቅታ መዝለል

ቡድንህ ትልልቆቹን ሲጥል ስልክህ ማረፊያ ያጣል። ሻካ ስማርት በ2011 ቪሲዩን (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲን) ለፋይናል ፎር ካበቃ በኋላ አራት ዓመት ቆይቶ ነው ቴክሳስ የሄደው። እንደዚያም ሆኖ በስድስት ዓመት ውስጥ በብሔራዊው ውድድር አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም። ትልቅ ስምና ትልቅ ብር የሚስማማ ቦታ ማለት አይደለም። ዳና አልትማን በ2007 አርካንሶን እሺ ብሎ በማግስቱ ወደ ቀድሞ ቡድኑ ክሬይተን ተመለሰ። ሳቁበት። እኔ ግን ከልብ ሳይሆኑ ዓመታት ከመክረም ያን ቀን ማፈር ይሻላል ባይ ነኝ።

ውል ሳይፈርሙ መሥራት

ይሄ አሁንም ይገርመኛል። ቢሊ ጊሊስፒ በ2007 ኬንታኪን ያህል ትልቅ ቡድን ሲይዝ የፈረመው አጭር የመግባቢያ ሰነድ ብቻ ነበር። ዋናው ውል ሳይፈረም ሁለት የውድድር ዘመን አለፈ። በ2009 ቡድኑ ከብሔራዊው ውድድር ሲቀር ተባረረ። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ውል የለንም አለ፣ እሱ 6 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ። በመጨረሻ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ይዞ ተስማማ። ግማሹን ያልተፈረመው ውል በላው። ጎበዝ፣ ሲቀጥሩህ ሁሉም ይስቃል፤ ስትባረር ምን እንደሚከፈልህ መጻፍ ያለበት ያኔ ነው።

ትንሿን ጥፋት በውሸት ማሳደግ

ብሩስ ፒርል የቴነሲ አሰልጣኝ ሳለ፣ በ2008፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ምልምሎችን ቤቱ ጠርቶ ሥጋ ጠበሰላቸው። ደንቡ ይከለክላል፤ ግን ለዚህ ብቻ ቢሆን ቅጣቱ ቀላል ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር፣ የኤንሲኤኤ፣ መርማሪዎች ቤቱ የተነሳ ፎቶ አሳዩት። የገዛ ቤቱን የት እንደሆነ አላውቀውም አለ! በ2011 ተባረረ። ላዩ ላይም ሾው ኮዝ የሚባል የሦስት ዓመት ቅጣት መጣበት፦ የሚቀጥረው ዩኒቨርሲቲ ለምን መቀጣት እንደሌለበት ኤንሲኤኤ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይደፍራል? ኦበርን በ2014 ደፈረ፤ በ2019 ለፋይናል ፎር በቃ። ብዙዎች ግን ከዚያ ጉድጓድ አልወጡም።

ዘመኑን አለማየት

ከ2021 ወዲህ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ያገኛል፣ ካልተመቸው ትራንስፈር ፖርታል (ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልጉ የሚመዘገቡበት መዝገብ) ውስጥ ይገባል። በየዓመቱ ቡድን እንደ አዲስ ይሠራል። ቨርጂኒያን በ2019 ሻምፒዮን ያደረገው ቶኒ ቤኔት በ2024 የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ለቀቀ፤ ለዚህ ዘመን የሚሆን ሰው አይደለሁም ብሎ። ይሄ ስህተት አይደለም። ስህተቱ እንደዚያ እየተሰማህ መቀጠል ነው።

ሲሸነፉ ራስን መጣል

በኋላ ስመ ጥር አሰልጣኝ የሆነው ማይክ ሺሼፍስኪ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 38 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። ይባረር የሚሉ ደጋፊዎች በዙ። የሰው በሰው መከላከያውን ተው ቢባልም አልተወም። የስፖርት ኃላፊው ቶም በተርስም አላባረረውም። ሦስተኛው ዓመት የተዘጋው በቨርጂኒያ 109 ለ66 ተደቁሶ ነው። በቀጣዩ መኸር ተጫዋቾቹ ለመጀመሪያው ልምምድ ሲገቡ የውጤት ሰሌዳው በርቶ ነበር፦ 109፣ 66።