ጠፍቶ የሚሠራ ቦክስ፦ የስማርት ቲቪና የቲቪ ቦክስ ችግሮችና መፍትሄዎች

ቴሌቪዥን ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ድሮ የሚመጣልኝ የተቃጠለ ፓወር ወይም የተሰነጠቀ ስክሪን ነበር። አሁን ግን ምንም ያልተበላሸ ስማርት ቲቪ ወይም ቦክስ (ቲቪ ላይ ተሰክቶ ከኢንተርኔት ፊልምና ቻናል የሚያመጣ ትንሽ ዕቃ) ይዘው የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁም ደህና ነው። ችግሩ ዕቃው ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሠራው ሥራ ነው።

ገመድ ነቅሎ መሰካትና ራውተር አጥፍቶ ማብራት ሞክራችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ዳታ ሳትጠቀሙበት ያልቃል፣ ዋይፋዩ ይንቀራፈፋል፣ ቦክሱ ጠፍቶም ይግላል

በብዛት የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። የሞሉት ዳታ በሁለትና በሦስት ቀን እያለቀ ተቸግረዋል። ልጃቸው ፊልም እያወረደ መስሏቸው ስልኩን ቀምተውታል። ልጁ «አላወረድኩም» ብሎ ቢምልም የሚያምነው አጣ። ማታ ነው የሄድኩት። ቲቪው ጠፍቷል። የሁሉንም ሰው ስልክ ዋይፋይ አስጠፋሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው የራውተሩ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን አላቆመም። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተገናኙትን ዕቃዎች ሳይ አንድ ስም የሌለው ዕቃ ቀርቷል። የሚገርመው ደግሞ ከሚያወርደው የሚልከው ይበልጣል። ፊልም የሚያይ ሰው ያወርዳል እንጂ ይህን ያህል አይልክም። ከቲቪው ጀርባ እጄን ሰድጄ ቦክሱን ነካሁት። ትኩስ ነው። ነቀልኩት። የራውተሩ መብራት ወዲያው ረጋ። እናትየው ልጃቸውን አቅፈው ይቅርታ ሲጠይቁ እኔም አንጀቴ ተላወሰ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንዳንድ ስም የለሽ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ውስጥ ቫይረሱ ገና ከካርቶኑ ሳይወጡ ተጭኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንድ ካናዳዊ ባለሙያ ቲ95 የሚባለውን ቦክስ ገዝቶ ሲመረምር ቫይረሱን ከነሲስተሙ አገኘው። በመስከረም 2024 ደግሞ ቮይድ የተባለ ቫይረስ በ197 አገሮች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ቦክሶች ላይ ተገኘ። በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው በቫይረስ የተያዙ ዕቃዎች ሰፊ መረብ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። በወሩ ጉግል ከዚሁ መረብ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሲከስ፣ የተጠቁት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ገልጿል።

ቦክሱ የሚሠራው ምንድን ነው? የቤታችሁን ኢንተርኔት ለማታውቁት ሰው ያከራያል። ያ ሰው አካውንት ሲሰርቅ ወይም ሲያጭበረብር የሚታየው የእናንተ አድራሻ ነው። ማንም በማያየው ገጽ ላይ ማስታወቂያ እየከፈተም ለጌቶቹ ገንዘብ ይለቅማል። ዳታውም የሚያልቀው፣ ቦክሱም የሚግለው በዚህ ነው። በሪሞት ስታጠፉት ስክሪኑ ጨለመ እንጂ ቦክሱ አልጠፋም።

ሌላም ምልክት አለ። ቤት ውስጥ ስልካችሁ ላይ ጉግል በየደቂቃው «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» እያለ የሥዕል ጥያቄ ካመጣ ጠርጥሩ። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ስለሚጋራ በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ቦክሱ ላይ ፕሌይ ስቶር ክፈቱ፣ ሴቲንግ ግቡ፣ «አባውት» ውስጥ ፕሌይ ፕሮቴክት (የጉግል የቫይረስ መከላከያ) የሚለውን እዩ። «ሰርቲፋይድ አይደለም» ካለ ጉግል የማያውቀው ዕቃ ነው። ጭራሽ ፕሌይ ስቶር ከሌለው፣ ወይም ቻናል ለመክፈት ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ የሚል መመሪያ ካለው አታስጠጉት። «ሁሉም ቻናል በነፃ፣ የዕድሜ ልክ» የሚል ካርቶን ስታዩ እለፉት። አሜሪካና አረብ አገር ያላችሁም የአገር ቤት ቻናል ለማየት ብላችሁ እንዲህ ያለውን አትግዙ። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ዩቲዩብ ላይ አሉ።

አሁን ደግሞ ስንቴ ተናግሬ የሰለቸኝን ልድገም። ሪሴት (ዕቃውን እንደ አዲስ ማስጀመር) አያድነውም! ሪሴት የሚያጠፋው እናንተ የጫናችሁትን ነው። ቫይረሱ ያለው ሲስተሙ ውስጥ ስለሆነ ከሪሴቱ በኋላ እንደገና አብሮ ይነሳል። አንቲቫይረስም እዚያ ድረስ ገብቶ አይነቅለውም። ፍላሽ ላድርገው፣ ማለትም ፈርምዌሩን (የቦክሱን ዋና ሲስተም) በሌላ ልተካ የሚል ደግሞ ይጠንቀቅ። አንድ ወጣት ከቴሌግራም ያገኘውን ፈርምዌር ጭኖበት ቦክሱ ጨርሶ አልነሳ ብሎት አምጥቶልኛል። ከላይ ሞዴሉ አንድ ዓይነት የሚመስል ቦክስ ውስጡ ሌላ ቦርድ ነው። ቢነሳስ? ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፈርምዌር የራሱን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

መፍትሄው፦ ቦክሱን ከመብራት ንቀሉ። የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሩ። ቦክሱ ላይ ያስገባችሁትን የጉግል አካውንት ከስልካችሁ ሆናችሁ ከዚያ ዕቃ ላይ አስወጡና ፓስወርዱን ቀይሩ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ቦክሱን ጥሎ አካውንቱን ውስጡ ይተወዋል።

ከዚያ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ቅያሪ ወይም ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከአንድ ደንበኛዬ ጋር አብሬው ሄጄ ነበር። ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየን። እኛም ደረሰኙን አሳየነው። ቦክሱ «ሰርቲፋይድ አይደለም» የሚለውንም በስልክ ቀርጸን አሳየነው። ንግድ ቢሮ አቤት እንላለን ስንለው ለሰላሳ ደቂቃ ያህል ተጨቃጭቆ ገንዘቡን መለሰ። በሳምንቱ ሌላ ደንበኛዬ እዚያው ሱቅ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ደረሰኝ አልነበረውም። ቫት ይቀነስልኝ ብሎ ያለ ደረሰኝ ነበር የገዛው። እባካችሁ፣ ለዚያች ቅናሽ ብላችሁ መብታችሁን አትሽጡ።

15 ቀኑ ካለፈስ? ቦክሱን ከፍላሽ ዲስክ ፊልም ማጫወቻ አድርጉት። ዋይፋይ ግን ዳግመኛ እንዳታስገቡለት።

(ቦክሱ እየጠፋ የሚበራ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን አዳፕተሩ ደክሞ ነው። ቀይሩት።)

ምልክት፦ ቲቪ ላይ ያያችሁት ነገር በማስታወቂያ ይከተላችኋል

ይሄ የታወቀ ብራንድ ላይም አለ። ቲቪው ስክሪኑ ላይ ካለው ምስልና ድምፅ ናሙና እየወሰደ ወደ ኩባንያው ይልካል፣ እዚያ ምን እያያችሁ እንደሆነ ይለያል። በዲሽ ሪሲቨር ወይም በላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ብታዩም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን፣ የማድሪድና የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የሳምሰንግና የኤልጂ ቲቪዎች ላይ ይህንኑ አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው የቲቪ አምራች ከ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ በየሰከንዱ መረጃ ሰብስበሃል ተብሎ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

መፍትሄው ሴቲንግ ውስጥ ነው። ኤልጂ ላይ «ላይቭ ፕላስ»፣ ሳምሰንግ ላይ «ቪዊንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ»፣ ሶኒ ላይ «ሳምባ ኢንተራክቲቭ ቲቪ» የሚለውን አጥፉ። ተመራማሪዎቹ ሲያጠፉት መላኩ ቆሟል። ቲቪውን ሪሴት ካደረጋችሁ ግን ፈቃዱን እንደገና ስለሚጠይቅ እንደገና አጥፉ። ቲቪ የሚገጥሙ የሙያ ጓደኞቼንም አደራ ልበል። ቶሎ ልውጣ ብላችሁ «ሁሉንም እስማማለሁ» አትጫኑ። የሚስማማው ባለቤቱ ነው። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ዲሽ ብቻ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ቲቪውን ጭራሽ ኢንተርኔት ውስጥ አታስገቡት።

ምልክት፦ ሪሞቱ ወይም ቲቪው ሳትጠሩት ይመልሳል

ማይኩ ክፍት ነው። የድምፅ ረዳቱን ዝጉት። ካሜራ ካለው በፕላስተር ሸፍኑት።

ምልክት፦ ያገለገለ ቲቪ ላይ የሰው ፎቶ ይመጣል

ከአረብ አገር ተልኮ እዚህ የተሸጠ ቲቪ ነበር። ሥራ ሲፈታ ስክሪኑ ላይ የማናውቃቸው ሰዎች የልደት ፎቶ ይፈራረቃል፦ ኬክ፣ ፊኛ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የጉግል አካውንት ሳይወጣ ቀርቶ ነው። ለዚህኛው ሪሴት በደንብ ይሠራል። የገዛችሁ ሰዎች ፎቶውን ሳታገላብጡ ሪሴት አድርጉ። የምትሸጡ ወይም ለቤተሰብ የምትልኩ ደግሞ ዕቃው ከእጃችሁ ሳይወጣ ሪሴት አድርጉት። ረስታችሁ ከላካችሁት ስልካችሁ ላይ የጉግል አካውንታችሁን ከፍታችሁ «ዕቃዎች» ውስጥ ቲቪውን ፈልጉና አስወጡት።