ለትምህርት ከቤት ስትርቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ የደረስኩት በ2015 ዓ.ም.፣ ሊመሽ ሲል ነበር። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ አዲስ አበባ አድሬ፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፌ። ግቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ሰኮሩን ካለፍን በኋላ ደግሞ ዝናቡ ጀመረ። መናኸሪያው ደጃፍ ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣና በገመድ የታሰረ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤ፣ ያለ ጃንጥላ ቆምኩ። ብርድ ልብሱ ውኃ ጠጥቶ ላነሳው አቃተኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ፍሬሾች፣ ማለትም አዲስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ ሲገቡ አያለሁ። ያኔ የተሳሳትኩትን ሲደግሙት ሳይ ሆዴ ይባባል። እናም ዘንድሮ ለምትገቡት ታናናሾቼ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

አገሩን ሳይጠይቁ ዕቃ ማሰናዳት

ይሄ ቀላሉ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ። እናቴ የምታውቀው የኛን አገር ብርድ ስለሆነ ለሱ አዘጋጀችኝ። ጅማ ግን የዝናብ አገር ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል፤ ዝናቡም ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚማር ሰው ፈልጋችሁ ደውሉ። ምን እንደምትይዙም፣ ምን እንደምትተዉም ጠይቁት። ለኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲና ጓጉንቸር ቁልፍ ይበቃኝ ነበር።

"ይለፍ ብቻ" እያሉ መኖር

የሎከሬ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ቤት እስክመለስ የቀሩኝን ቀናት በእስክሪብቶ አሰመርኩ። 112 መስመር። በየማታው አንድ እሰርዛለሁ። ሎከሩን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ልብስ ላወጣ ብዬ ከፍቼ፣ መስመሮቹን ቆጥሬ፣ ልብሱን ረስቼ የዘጋሁበት ቀን ብዙ ነው።

መናፈቅ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ማን ቤቱን አይናፍቅም? ስህተቱ ያለሁበትን ቀን ሁሉ እንደ ጥበቃ መቁጠሬ ነበር። አልጋዬን አላሰማመርኩም፤ "ለምን ብዬ? እሄድ የለ?" እላለሁ። የዶርሜን ልጆች ስም በቅጡ ሳልይዝ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። አንድ ቀን አሞኝ ካፌ መውረድ ሲያቅተኝ፣ ከላዬ አልጋ የምትተኛው ልጅ ምግብ በሳህን ይዛልኝ መጣች። ስሟን ጠርቼ ላመሰግናት ፈለግሁ፤ ጠፋኝ። በጣም አፈርኩ። በነጋታው መስመሮቹን በሳሙና አጥቤ አጠፋኋቸው።

ከአገር ልጅ ጋር ብቻ መዋል

ፍሬሽ ሆናችሁ የአገራችሁን ልጅ ስታገኙ ደስ ይላል። ወሬው አንድ፣ ቀልዱ አንድ። እኛም አምስት የሸዋ ልጆች ነበርን። አብረን እንበላለን፣ አብረን እናጠናለን፣ አብረን ቤታችንን እንናፍቃለን። አንዳችን ሲከፋን አምስታችንም ይከፋናል። በዚህ ዓይነት ስድስት ሳምንት ጅማ ተቀምጬ፣ ከግቢ የወጣሁት ሳሙና ለመግዛት ብቻ ነበር።

ከግቢው በር ወጣ ብሎ በሸራ ጥላ ሥር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ አባርሮኝ ገባሁ። "ታኢ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። አልገባኝም። በእጃቸው በርጩማ አሳዩኝ። ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ። ተቀመጪ ልጄ ማለታቸው ነበር። ቡናውን ጠጥቼ ስንት ነው ስላቸው "ኩደ ሸን" አሉ። አሥራ አምስት ማለት ነው፤ ያኔ ግን እሱም አልገባኝም። 50 ብር ሰጠሁ። መዳፌን ዘርግተው 35 ብር መለሱልኝ፤ ከዚያም ጣቴን አንድ በአንድ እየያዙ ቆጠሩልኝ፦ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን።" እጃቸው የሞቀ ነበር፤ የቡና ጭስ ይሸታል። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እሄድ ጀመር። "ገለቶሚ" ብዬ ሳመሰግናቸው አጠገባቸው የነበረች ልጅ አረመችኝ። ለእኩያ "ገለቶሚ" ነው፤ ለታላቅ ሰው "ገለቶማ" ይባላል። እኛ "አንቺ" እና "እርስዎ" እንደምንለው። ክብሩ በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። በአንድ ሴሚስተር ኦሮምኛ አልቻልኩም። ግን ዋጋ መጠየቅ፣ ሰላም ማለት፣ ማመስገን ቻልኩ። ገበያ ስገባ የሰው ፊት ሲፈታልኝ አየሁ። "አካም ጂርታ" (እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ) ማለት ምንም ወጪ የለውም፤ የምትሰጡት ትኩረታችሁን ብቻ ነው።

ከተማውንም ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ከመሀል ከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታው ላይ ጅሬን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። የእንጨት ሰገነቱ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ ጅማ በዛፍ ተሸፍና ትታያለች። እዚያ የወሰደችኝ ያቺው ምግብ ያመጣችልኝ ልጅ ናት፤ የአጋሮ ልጅ ናት። የአገሬ ልጆች ዛሬም ወዳጆቼ ናቸው። ግን ከነሱ ጋር ብቻ ብቀር ይሄን ሁሉ አላየውም ነበር።

በሃይስኩል መንገድ ማጥናት

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ይሰበራል። ሃይስኩል እያለሁ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣ ነበር፤ ያ ይሠራልኝ ነበር። ፍሬሽማን ላይ የሎጂክ ኮርስ መጣ። ሃንዳውቱን ሸመደድኩ። ፈተናው ግን ሃንዳውቱ ውስጥ የሌለ ጽሑፍ አቅርቦ፣ የክርክሩ መነሻ የቱ ነው፣ መደምደሚያውስ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ትርጉሙን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ግን ልለየው አልቻልኩም። ከ20 ያገኘሁት 8 ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ "በቃ እኔ ሰነፍ ነኝ" የሚል ነበር። ለሁለት ቀን ማንንም አላናገርኩም። አብዛኛው ፍሬሽ እዚህ ጋ ሁለተኛ ስህተት ይሠራል፦ ሰዓት ይጨምራል። ያንኑ ሃንዳውት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደጋግሞ ያነባል። መለወጥ ያለበት ግን ሰዓቱ ሳይሆን አጠናኑ ነው። እኔን የረዳኝ ባዶ ወረቀት ነው። እራት በልቼ ላይብረሪ እገባለሁ፤ አንድ ክፍል አነባለሁ፤ ሃንዳውቱን እዘጋለሁ፤ የገባኝን በራሴ አማርኛ እጽፋለሁ። መጻፍ ያቃተኝ ቦታ፣ ያልገባኝ እሱ ነው ማለት ነው። ያንን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። መምህር ቢሮ መሄድ ያስፈራል፤ እኔም በሩ ላይ ደርሼ ሁለቴ ተመልሻለሁ። ሦስተኛው ላይ ገባሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ከጋዜጣ ላይ አንድ አንቀጽ አውጥቶ አብረን በተንነው።

የሲኒየር የድሮ ፈተና ላይ ብቻ አትደገፉ። ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ መልሱን መሸምደድ ግን ዞሮ ዞሮ ያው ሃይስኩል ነው።

በሬሜዲያል መግባትን መደበቅ

እኔ በሬሜዲያል ነው የገባሁት፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ማለፊያ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት አንዷ ነኝ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነበር። ቁጥሩን እያወቅኩም ያፈርኩት ለብቻዬ ነበር። ፍሬሽማን ሆኜ ሲጠይቁኝ እዋሻለሁ፤ ውሸቱን ለመጠበቅ ብዬ ያልገባኝን እንደገባኝ አደርጋለሁ። ጥያቄ ከጠየቅኩ የሚነቃብኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለዶርሜ ልጆች የነገርኩ ማታ ከስድስታችን አራቱ በሬሜዲያል የገባን ሆነን ተገኘን። እስከዚያ ሁላችንም ተደባብቀን ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ አብረን ማጥናት ጀመርን።

ብር

የወሩን ብር በመጀመሪያው ሳምንት አትጨርሱ። ከካፌ ምግብ ሸሽቶ በየቀኑ ውጭ መብላት ነው የሚያስጨርሰው። ሲያልቅባችሁ ደግሞ ከጓደኛ ተበድራችሁ አትጥፉ፤ ጓደኝነት በትንሽ ብር ሲበላሽ አይቻለሁ።

ለቤት "ደህና ነኝ" ብቻ ማለት

እናቴ በደወለች ቁጥር "ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ እያጠናሁ ነው" እላታለሁ። እንዳትጨነቅ ነበር። ግን ድምፄን ታውቀዋለች፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስታለቅስ እንደምታመሽ የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ባዶ "ደህና ነኝ" ከክፉ ወሬ በላይ ያስጨንቃል። ስለዚህ ቀኔን መናገር ጀመርኩ። ስለ 8ቱ ነገርኳት። ስለ ጅሬን ነገርኳት። ጣቴን ይዘው ስለቆጠሩልኝ እናት ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ "እስቲ እንዴት አሉሽ?" አለችኝ። አልኩላት። እሷም በስልክ ከኋላዬ እየተከተለች ደገመችው። አሁን በየእሁዱ ስትደውል አንድ ቃል ትጠይቀኛለች። ለኚያ እናት በስሟ ምስጋና እንዳደርስላት "ገለቶማ"ን ከነክብሩ ተለማምዳለች።